«ጠለቀች» ወይስ «ሰጠመች»? የባሕር ሰርጓጅ ድራማ በአማርኛ

ጥያቄ፦ «ማታ ማታ ከአባቴ ጋር የሁለተኛውን የዓለም ጦርነት የሚያሳይ ተከታታይ ድራማ እናያለን። የጀርመን ባሕር ሰርጓጅ መርከበኞችና በፈረንሳይ የወደብ ከተማ ውስጥ የሚሠሩ ሰላዮች ታሪክ ነው። ከታች የሚወጣው ጽሑፍ እንግሊዝኛ ስለሆነ እኔ እየተረጎምኩ እነግረዋለሁ። ባለፈው ‹መርከቧ ሰጠመች› ስለው ‹ወይኔ! ሁሉም አለቁ?› ብሎ ደነገጠ። እኔ ግን ውሃ ውስጥ ገባች ማለቴ ነበር። ምን ማለት ነበረብኝ? ደግሞ ለጀርመን የሚሠራውንም ለፈረንሳዮቹ የምትሠራውንም ‹ሰላይ› ስላቸው ይደናገርበታል። ሌላ ቃል የለንም?»

መልስ፦ አባትዎ የደነገጡት በትክክል ነው። «ሰጠመች» ካሉ መርከቧም ሰዎቹም አበቃላቸው ማለት ነው። የሰጠመ አይመለስም። «ሰመጠች» ቢሉም ያው ነው፤ ሁለቱም ይባላል።

እርስዎ የፈለጉት ቃል «ጠለቀች» ነው። ፀሐይ ማታ ትጠልቃለች፣ ጠዋት ደግሞ ትወጣለች። ዋናተኛ ይጠልቃል፣ ትንፋሹን ይዞ ይቆያል፣ ብቅ ይላል። ጠለቀ የሚለው ግስ መመለስን አይከለክልም። ስለዚህ ሰርጓጇ ትጠልቃለች፣ በቶርፔዶ የመታችው የንግድ መርከብ ግን ይሰጥማል። በአንድ ክፍል ውስጥ ሁለቱም ስለሚሆኑ፣ ሁለቱን ግሶች ከለዩ አባትዎ ማን እንደተረፈ ማን እንዳለቀ ሳይጠይቁ ይገባቸዋል።

አንድ እውነተኛ ታሪክ ልጨምር። እ.ኤ.አ. ጥቅምት 30 ቀን 1942 በምሥራቃዊ ሜዲትራኒያን የእንግሊዝ አውዳሚ መርከቦች ዩ-559 የተባለችውን የጀርመን ሰርጓጅ አገኟት። ጠለቀች። ለሰዓታት የውሃ ውስጥ ቦምብ ሲያወርዱባት ቆዩ። በመጨረሻ ተጎድታ ማታ ላይ ወደ ላይ ወጣች፤ መርከበኞቿም ጥለዋት ወጡ። ፔታርድ ከተባለችው የእንግሊዝ መርከብ ፋሰን የሚባል መኮንንና ግሬዚየር የሚባል መርከበኛ እየዋኙ ሄደው ገቡባት። የምሥጢር መልእክት መጻሕፍቷን ከውስጥ አውጥተው አቀበሉ። ለተጨማሪ ሲመለሱ ሰጠመች፤ ሁለቱም አብረዋት ቀሩ። ጠለቀች፣ ወጣች፣ ሰጠመች። በአንድ ቀን ሦስት ግስ። አንዱን በሌላው ቢለውጡት ታሪኩ ሌላ ይሆናል።

በዚያው ታሪክ ሌላም ነገር አለ። እነዚያ መጻሕፍት ብሌችሊ ፓርክ በተባለ ቦታ የጠላትን ምሥጢራዊ መልእክት ይፈቱ ለነበሩት የእንግሊዝ ባለሙያዎች ደረሱ። ባለሙያዎቹ የጀርመን ሰርጓጆች ኤኒግማ በተባለ የምሥጢር መጻፊያ መሣሪያ የሚላላኩትን መልእክት ለ10 ወር ገደማ ማንበብ አቅቷቸው ነበር። በታኅሣሥ 1942 እንደገና ማንበብ ጀመሩ። ይህን ሲተረጉሙ «ኮዱን ሰበሩት» እንዳይሉ። ዛሬ ዛሬ በዜናም በፊልም ትርጉምም እየሰማሁት ነው፣ ሁልጊዜም ይቆረቁረኛል። በአማርኛ ምሥጢር ይፈታል። ሕልም ይፈታል፣ እንቆቅልሽ ይፈታል፣ ቅኔ ይፈታል። የተቋጠረ ነገር ስለሆነ ነው። መስበር በርና ዕቃ ላይ ነው የሚያምረው። «የኤኒግማን ምሥጢር ፈቱት» ቢሏቸው አባትዎ ወዲያው ይረዱዎታል።

አሁን «ሰርጓጅ» ወደሚለው ልመለስ። አንዳንድ ሰው «ሰርጎ» ከሚለው የመጣ ይመስለዋል። ድምፁ ይቀራረባል፣ ግሱ ግን ሌላ ነው። ሰርጓጅ የመጣው «ሰረጎደ» ከሚለው ነው። የተመታ ድስት ይሰረጉዳል። የታመመ ሰው ጉንጩ ይሰረጉዳል። ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነገር ሁሉ ሰርጓዳ ነው። ታዲያ «ደ» የት ሄደ? ወደ «ጅ» ተለወጠ። አማርኛ ከግስ አድራጊውን ሲያወጣ በምላስ ጫፍ የሚነገሩትን የመጨረሻ ፊደሎች ይለውጣል። ወሰደ ያለው ወሳጅ ነው፤ ሰረጎደ ያለው ሰርጓጅ። ለመነ ለማኝ ይሆናል፣ ሸጠ ሻጭ፣ ከፈለ ከፋይ። ሰለለም በዚሁ መንገድ ሄዶ ነው ሰላይ የሆነው። የድራማዎ ሁለት ዋና ቃላት፣ ሰርጓጅና ሰላይ፣ በአንድ ሕግ የተወለዱ ናቸው። ይህን ሳስብ ደስ ይለኛል።

«ባሕር ሰርጓጅ መርከብ» ሙሉው ስም ነው፣ «ሰርጓጅ» ማለትም ይበቃል። ጀርመኖቹ «ዩ-ቦት» የሚሉት «ከባሕር በታች የሚሄድ ጀልባ» ከሚል ረጅም ቃል አሳጥረው ነው። እኛ ግን «ጀልባ» ባንለው ይሻላል። ጀልባ ስንል የሚታየን በጣና ላይ የሚቀዘፈው ነው። በዚያ ጦርነት በብዛት የተሠራው የጀርመን ሰርጓጅ 67 ሜትር ርዝመት ነበረው፤ ከ44 እስከ 52 ሰው ይይዝ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ የሚጓዘው በናፍጣ ሞተር ከውሃው በላይ ነው፤ የሚጠልቀው ሲያደባ ወይም ሲያመልጥ ነው። የጠላት አውሮፕላን ከታየ «አላርም!» የሚል ጩኸት ይሰማል፣ ሥራ ያልያዘ ሁሉ የመርከቧ አፍንጫ እንዲከብድ ወደ ፊት ይሮጣል፣ በ30 ሰከንድ ገደማ ከውሃ በታች ይሆናሉ። እዚያ ላይ «የድንገተኛ መጥለቅ ትእዛዝ ተሰጥቷል» ብሎ መተርጎም ጊዜም አይሰጥም። «ጥለቁ!» ይበሉ፣ በቃ።

ወደ ሰላዩ ልምጣ። ጥያቄዎ ውስጥ በጣም የወደድኩት ይህን ነው። ሰላይ በድሮ ንባባችን ነውር ያለበት ቃል አልነበረም። በመጽሐፍ ቅዱስ ኢያሱ ወደ ኢያሪኮ የላካቸው ሰላዮች ናቸው፣ ረዓብም ደብቃ አዳነቻቸው። ዮሴፍ ግን ወንድሞቹን «ሰላዮች ናችሁ» ሲላቸው ክስ ነው። ቃሉ አንድ ነው፣ ተናጋሪው ይለያያል። በዛሬው አነጋገራችን የዮሴፍ ክስ አሸንፏል። ማንም ሰው የራሱን ወገን «ሰላያችን» አይልም፤ «የመረጃ ሰው» ይላል። ሰላይ ሁልጊዜ የዚያኛው ወገን ነው። አባትዎን ያደናገራቸው ይህ ይመስለኛል። ሁለቱንም ሰላይ ካሏቸው፣ ሁለቱም የጠላት ሆኑባቸው።

ስለዚህ አንድ ቃል ለሁሉም አይስጡ፤ ማን ስለ ማን እየተናገረ እንደሆነ ይዩ። የጌስታፖ (የናዚ ጀርመን ምሥጢራዊ ፖሊስ) መኮንን ስለ ፈረንሳይቱ ሲያወራ «ሰላይ» ይበላት፤ ከእሱ አፍ ሲወጣ ትክክል ነው። ጓደኞቿ ሲያወሩ ግን ለእርሷ የሚሆን ቃል አለን። «የውስጥ አርበኛ»። ይህን ስም አባትዎ ሳያውቁት አይቀሩም። በጣሊያን ወረራ ዘመን ጫካ የገባው አርበኛ ሲባል፣ ከተማ ውስጥ ጠላት መሃል ተቀምጦ መረጃና ስንቅ የሚያቀብለው የውስጥ አርበኛ ይባል ነበር። እነ ሸዋረገድ ገድሌ የሚታወቁት በዚህ ስም ነው። በላ ሮሼል ወይም በሎሪያን ወደብ የሰርጓጆቹን መግባትና መውጣት ቆጥራ ለንደን እንዲደርስ የምታደርግ ሴት ሥራዋ ያው ነው። ዘመኑም ጠላቱም ተቀራራቢ ነው። እኔ ያለ ምንም ማቅማማት እጠቀምበታለሁ።

ካፌ ተቀምጦ የሰው ወሬ ለቅሞ ለጀርመኖቹ የሚያደርሰው ፈረንሳዊስ? እሱ «ጆሮ ጠቢ» ነው። ጆሮ ጠቢ ከጎረቤት መሃል ነው፤ ቡና እየጠጣ ነው የሚያዳምጥ። ጣቱን ቀስሮ «እሱ ነው» ብሎ የሚያሲዘው ደግሞ «ጠቋሚ» ይባላል። «ሰርጎ ገብ» ከእነዚህ ይለያል። እሱ ከውጭ መጥቶ፣ ሌላ ሰው መስሎ፣ ውሃ ወደ አፈር እንደሚሰርግ ቀስ ብሎ የገባ ነው። በፓራሹት ወርዶ በሐሰት መታወቂያ ወደ ከተማዋ የሚገባው ወኪል ሰርጎ ገብ ነው፤ እዚያው ተወልዳ ያደገችው የሆቴል አስተናጋጅ ግን አይደለችም። ለጀርመኖቹ የሚሠራውን ፈረንሳዊ ደፍረው «ባንዳ» ቢሉትም ለአባትዎ በደንብ ይገባቸዋል። ቃሉ ራሱ ከጣሊያንኛ የመጣ ነው፣ ከጠላት ጋር ያበረ የአገር ልጅ ማለት ሆኖ ቀርቷል። «ከወራሪው ጋር የተባበረ» የሚለው ረጅም አገላለጽ የቃሉን ምሬት አይሸከምም።

አንድ ያልጠየቁኝን ልጨምር፣ እንግሊዝኛው ስለሚሰርቅዎ ነው። እንግሊዝኛ አንተንም እርስዎንም በአንድ ቃል ነው የሚላቸው። ጀርመንኛ ግን እንደኛ ይለያል፦ «ዚ» እርስዎ ነው፣ «ዱ» አንተ ወይም አንቺ። ፈረንሳይኛም «ቩ» እና «ቱ» አለው። ቋንቋውን ባይችሉም ጆሮዎ ይለየዋል። ምርመራ ክፍል ውስጥ መኮንኑ በ«ዚ» ጀምሮ ሲጋራ እየጋበዘ ያወራ ይሆናል። ድንገት «ዱ» ካለ፣ ከ«እርስዎ» ወደ «አንቺ» ይውረዱ። አባትዎ ጥፊው ሳይመጣ ይሰማቸዋል።

መርከበኞቹም አዛዣቸውን ፊት ለፊት «ሄር ካሎይን» ይሉታል፤ ማዕረጉ በአጭሩ ነው፣ «ጌታዬ» ይበሉት። በሌለበት ግን «ሽማግሌው» ይሉታል፣ ብዙዎቹ አዛዦች 30 ዓመት ሳይሞላቸው እንኳ። ይህን ቃል በቃል ከተረጎሙት አባትዎ ዕርቅ ሊያወርድ የመጣ ሰው ይፈልጋሉ። እኔ ብሆን «አባትየው» እላለሁ። «አባትየው ምን አለ?» «ዝም በሉ ነው የሚለው።» እዚያ ከላይ የውሃ ቦምብ እየወረደ በሹክሹክታ ሲባባሉት ይታየኛል።