«ባለቤቴ ኢኳዶር እንግባ ይላል፤ እኔ ግን ሆዴ ፈራ»

ለተከበሩ የአምዱ አዘጋጅ፣

እንደምን ሰነበቱ? ከባለቤቴ ጋር ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምንኖረው። እሱ 69 ዓመቱ ነው፣ እኔ 66። ዋሽንግተን ውስጥ ዕድሜውን ታክሲ ሲነዳ ኖሯል። እኔ አረጋውያንን በየቤታቸው እየሄድኩ ስንከባከብ ኖሬ፣ አሁንም በሳምንት ሁለት ቀን እሠራለሁ። ጉልበቴ ግን እምቢ እያለኝ ነው። ሁለታችንም ዜግነት ወስደናል። የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታችን ሜዲኬር የሚባለው የአረጋውያን የጤና መድን ሳይቆረጥለት በወር የእሱ 1,720፣ የእኔ 1,080 ዶላር ነው። ባለ አንድ መኝታ ቤታችን ኪራዩ ብቻ 1,850 ደርሷል። ውል ስናድስ ደግሞ ጭማሪ እንዳለ ተነግሮናል።

ባለቤቴ ዩቲዩብ ላይ ደቡብ አሜሪካ ውስጥ ኩዌንካ የምትባል የኢኳዶር ከተማ ካየ ወዲህ ሌላ ወሬ የለውም። ጡረተኛ አሜሪካውያን እዚያ በ1,500 ዶላር ተመችቷቸው ይኖራሉ ይላል። አየሩ የአዲስ አበባ ነው፣ ገንዘባቸው ዶላር ነው፣ ሐኪሙ ርካሽ ነው። «በቃ፣ ዕቃችንን ሸጠን እንሂድ» ብሎ ቆርጧል።

ልጆቻችን «መሄዳችሁ ካልቀረ ለምን አገራችሁ አትገቡም?» ይሉናል። አስበነው ነበር። አዲስ አበባ ቤት የለንም። ባለቤቴ ስኳር አለበት፣ ኢንሱሊን ይወጋል፤ መድኃኒቱ ይጠፋብኛል ብሎ ይሰጋል። ከሁሉ በላይ ግን «ከአሜሪካ መጣ ሲባል የዘመዱ ችግር ሁሉ እኔ ደጅ ይመጣል፤ እምቢ የምልበት አንጀት የለኝም» ይላል። እውነቱን ነው።

እኔ እምቢ አላልኩም፣ እሺም አላልኩም። ሒሳቡን ሳየው እሱ ልክ ይመስለኛል። ማታ ጋደም ስል ግን ሆዴ ይባባል። ስፓኒሽ አልችልም። ቤተ ክርስቲያኔ፣ ማኅበሬ፣ ከትምህርት ቤት የምቀበላቸው የልጅ ልጆቼ እዚህ ናቸው። በዚህ ዕድሜ እንደገና ስደት? ፈሪ ሆኜ ነው ወይስ ልክ ነኝ?

ት. ከሲልቨር ስፕሪንግ

መልስ

ውድ እህቴ፣

ፈሪስ አይደሉም። አንድ ጊዜ አገር ጥሎ መውጣት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ሁለተኛው ቢከብደው አይፈረድበትም። ባለቤትዎም ቢሆኑ ቅዠት አላዩም። የእርስዎ የሁለት ቀን ሥራ ገቢ ሳይቆጠር፣ ከ2,800 ዶላር ጡረታችሁ ላይ 1,850 ለኪራይ ከሄደ፣ የሜዲኬር ፓርት ቢ (የሐኪም ሕክምናን የሚሸፍነው ክፍል) ወርሃዊ ክፍያ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2025 እንደነበረው ለአንድ ሰው 185፣ ለሁለታችሁ 370 ዶላር ከሆነ፣ ለምግብ፣ ለመኪና፣ ለስልክና ለመድኃኒት የሚተርፋችሁ 580 ነው። ዕድሜ ልኩን የሠራ ሰው በዚህ ገንዘብ ሲሳቀቅ ማየት ያማል። ስለዚህ የባለቤትዎን ሐሳብ በቁም ነገር እንየው።

ያዩት ነገር ብዙው እውነት ነው። ኩዌንካ ከባህር ወለል ወደ 2,550 ሜትር ከፍ ብላ ተራራ መሐል ያለች ውብ ከተማ ናት። ዩኔስኮ አሮጌውን ከተማ በ1999 በዓለም ቅርስነት መዝግቦታል። ከአዲስ አበባ ትንሽ ከፍ ትላለች፤ ጠዋት ጃኬት፣ ቀን ፀሐይ፣ ከሰዓት ካፊያ። ኢኳዶር በ1999 ባንኮቿ ተንኮታኩተው የራሷ ገንዘብ ሱክሬ ዋጋ ሲያጣ፣ በ2000 ዶላርን ገንዘቧ አደረገች። ጡረታችሁ በዶላር ስለሚመጣ የምንዛሪ ሐሳብ የለባችሁም። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። በ2024 የራሷ ገንዘብ ባላት አርጀንቲና ውስጥ በዶላር የሚኖሩ ጡረተኞች ኑሮው ከእጃቸው ሲያመልጥ ለማየት በቅተዋል።

ቤቱም ርካሽ ነው። ባለ ሁለት መኝታ ከ400 እስከ 600 ዶላር ይገኛል። መንግሥት ስለሚደጉመው የወጥ ቤት ጋዝ ሲሊንደሩ ሦስት ዶላር ገደማ ነው። ፌሪያ ሊብሬ በሚባለው ትልቅ ገበያ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ጎመን፣ አቮካዶና ሙዝ በርካሽ ይሸመታል። 65 ዓመት የሞላው ሰው አውቶቡስ በግማሽ ዋጋ ይሳፈራል። ውድ የሆነው ከውጭ የሚገባው ነው፦ መኪና፣ ማቀዝቀዣ፣ ኤሌክትሮኒክስ። ጤፉንና በርበሬውን ግን ከሜሪላንድ ተሸክማችሁ ትሄዳላችሁ ብላችሁ አስቡ።

እንግዲህ 1,500 ዶላር ለሁለት ሰው ይበቃል የሚለውን ልቀበል። ቪዲዮው የማይደምረውን እኔ ልደምር።

ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ አይከፍልም፤ ኩዌንካ ሆስፒታል ብትገቡ ሂሳቡ የእናንተው ነው። ስለዚህ ብዙ ሰው «የማልጠቀምበትን ለምን እከፍላለሁ?» ብሎ ፓርት ቢን ያቋርጣል። እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ተመልሳችሁ ስትገቡ ላቋረጣችሁበት ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት 10 በመቶ ቅጣት ይጨመርባችኋል፤ የሚጨመረውም ለዕድሜ ልክ ነው። አምስት ዓመት ቢሆን 50 በመቶ ማለት ነው። በዚህ ዕድሜ ከባድ ሕመም ሲመጣ አብዛኛው ሰው ልጆቹ ወዳሉበት ነው የሚመለሰው። ስለዚህ የፓርት ቢው 370 ኢኳዶርም ሆናችሁ ይወጣል።

ከዚያ ትኬት። የልጅ ልጆችዎን በዓመት ሁለት ጊዜ ሳያዩ እንደማይቆዩ ከደብዳቤዎ ይገባኛል። ደርሶ መልሱን ለአንድ ሰው በ700 ብናስበው፣ ለሁለታችሁ በወር ወደ 230 ዶላር ይመጣል። ሦስቱን ስደምር 2,100 አገኘሁ። ከ2,800 ላይ 700 ይተርፋል። ከ1,500 የሚጀምረው ወሬ እዚህ ደረሰ። አሁንም ከሲልቨር ስፕሪንጉ ኑሮ ይሻላል፤ አልክድም። ግን ዕቃ ሸጦ፣ ሰው ጥሎ የሚሄዱለት ልዩነት መሆኑን እናንተ መዝኑት።

ቪዛውን በተመለከተ፣ ለጡረተኞች የሚሰጠው መኖሪያ ፈቃድ የሚጠይቀው ገቢ የአገሩን ዝቅተኛ ወርሃዊ ደመወዝ ሦስት እጥፍ ነው። በ2025 ደመወዙ 470 ዶላር ስለነበር ሦስት እጥፉ 1,410 ነው። ለሚስት 250 ይጨመራል፤ 1,660 ሆነ። ባለቤትዎ ያለፉት በ60 ዶላር ብቻ ነው። ደመወዙ ደግሞ በየዓመቱ ጥር ላይ ይከለሳል። ስለዚህ ከመወሰናችሁ በፊት የዘንድሮውን ቁጥር ከኢኳዶር ቆንስላ ጠይቁ። ፈቃዱ መጀመሪያ ለሁለት ዓመት ነው የሚሰጠው። የኤፍቢአይ የወንጀል ነፃ ማረጋገጫና የጡረታ ደብዳቤ አፖስቲል ተደርጎ (ለውጭ አገር እንዲያገለግል በመንግሥት ማኅተም ተረጋግጦ)፣ በስፓኒሽ ተተርጉሞ ይቀርባል። ጋብቻችሁ ኢትዮጵያ ከተፈጸመ የጋብቻ ወረቀቱን ጉዳይ ለብቻው ጠይቁ፤ ብዙ ሰው የሚጉላላው እሱ ላይ ነው።

ፈቃዱ ሲገኝ በአገሩ የማኅበራዊ ዋስትና ድርጅት በኩል በፈቃደኝነት መድን መግባት ይቻላል። መዋጮው ካስመዘገቡት ገቢ 17.6 በመቶ ነው፤ በ2025ቱ 470 ዶላር ሲሰላ በወር ወደ 83 ይመጣል፣ ለትዳር ጓደኛ ትንሽ ይጨመራል። መድኑ ጥሩ ነው፤ ወረፋው ግን ረጅም ስለሆነ ብዙ ሰው በግል ይታከማል። ስፔሻሊስት ለማየት ከ30 እስከ 50 ዶላር ይጠየቃል።

አሁን ስለ ኢንሱሊኑ። በ2024 ኢኳዶር ከባድ ድርቅ ገጥሟት ነበር። የአገሪቱ መብራት በአብዛኛው ከውሃ ግድብ ነው የሚመጣው፤ አንዱ ትልቅ ግድብ ማሳር ደግሞ ከኩዌንካ ብዙም አይርቅም። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ መብራት በየቀኑ ይጠፋ ነበር፤ አንዳንድ ቀን እስከ 14 ሰዓት። ፍሪጅ ውስጥ ኢንሱሊን ያለው ሰው ይህን ሰምቶ ማለፍ አይችልም። የባትሪ ማቀዝቀዣ መግዛት ይቻላል፣ መፍትሔ አለው። ግን ባለቤትዎ ስለ ከፍታውም ስለዚህም ከሐኪማቸው ጋር ቁጭ ብለው ይነጋገሩ። አዲስ አበባ ያደጉ ቢሆኑ እንኳ ብዙም ላይጠቅማቸው ይችላል፤ ለረጅም ዓመት የኖሩት ዝቅተኛ ቦታ ነው።

ስለ ጸጥታውም ልንገርዎ። በጥር 2024 የታጠቁ ሰዎች በባህር ዳርቻዋ ከተማ ጓያኪል ውስጥ አንድ የቴሌቪዥን ስቱዲዮ በቀጥታ ስርጭት ላይ ሳለ ገብተው ነበር። ፕሬዚዳንት ዳንኤል ኖቦአም በዚያው ቀን የውስጥ የትጥቅ ግጭት አለ ብለው አወጁ። ኩዌንካ ከባህር ዳርቻዎቹ ከተሞች ይልቅ ሰላም ናት። ነገር ግን በ2019ና በ2022 በነዳጅና በኑሮ ውድነት ተቃውሞ ሲነሳ መንገድ ተዘግቶ ከተሞች ለቀናት ተቆራርጠዋል። ኩዌንካ አየር ማረፊያ ደርሳችሁ አሜሪካ ለመግባት በዋና ከተማዋ በኪቶ ወይም በጓያኪል ነው የምታልፉት። የጓያኪሉ የመኪና መንገድ ደግሞ ካሃስ በሚባለው ተራራ ላይ ከ4,000 ሜትር በላይ ይወጣል። በሕመም ቀን ይህ ሁሉ ይቆጠራል።

ክፉ አይንካችሁ እንጂ፣ አንዳችሁ ብትቀሩስ? ይህን ቤት ውስጥ ማንም አላነሳውም ብዬ እገምታለሁ። ባለቤትዎ ቢቀድሙ ሶሻል ሴኩሪቲ የእርስዎን 1,080 ትቶ የሳቸውን 1,720 ይሰጥዎታል። በገንዘብ ኩዌንካ መኖር ይችላሉ ማለት ነው። ግን በማያውቁት ቋንቋ ቀብር ማን ያስፈጽማል? ማን ያስተዛዝንዎታል? እዚያ ማኅበርተኛ ሮጦ አይመጣም፣ ዕድር የለም። እርስዎ ሆዴ ይባባል ያሉት ይህን ይመስለኛል፤ ከሒሳቡ እኩል ይዘው ቢያቀርቡት ማንም ሊያቃልልብዎ አይገባም።

እኔ ግን ከኩዌንካ በፊት የምጠይቃችሁ ሌላ ነው። ለአረጋውያን በመንግሥት የሚደጎም ቤት ተመዝግባችኋል? ሴክሽን 202 የሚባለው ዕድሜያቸው 62 ለሞላና ከዚያ በላይ ለሆኑ፣ በጣም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ሰዎች ነው። ኪራዩ ከተስተካከለ ገቢ 30 በመቶ ነው፤ ለእናንተ በጡረታችሁ ብቻ ቢሰላ ወደ 840 ዶላር። ፓርት ቢም ተከፍሎ 1,590 ይተርፋችኋል። ልጆቻችሁም፣ ቤተ ክርስቲያናችሁም፣ የባለቤትዎም ሐኪም ሳይርቁ። ችግሩ ተራው ዓመታት መፍጀቱ ነው። የእኛ ሰው ይህን ሲሰማ «ማን ይጠብቃል» ብሎ ይተወዋል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ያኔ የተመዘገበው ጎረቤቱ ቁልፍ ሲቀበል ያያል። እባክዎ በዚህ ሳምንት ልጅዎን ይዘው በሞንትጎመሪም በፕሪንስ ጆርጅስም ካውንቲ ላሉት እንዲህ ላሉ ሕንፃዎች በሙሉ ያመልክቱ። አንድ ቦታ ማመልከት አይበቃም።

ተራው እስኪደርስ ባለቤትዎ ኩዌንካን ይዩ፤ እርስዎም አብረው ይሂዱ። ለአሜሪካ ፓስፖርት 90 ቀን ያለ ቪዛ ይፈቀዳል። ዕቃ አይሸጥ፣ ፓርት ቢ አይቋረጥ። የኪራይ ውላችሁ የሚያልቅበትን ጊዜ አመቻችታችሁ ዕቃውን ልጃችሁ ጋ አስቀምጡ። ሆቴል ሳይሆን ተራ ሰፈር ውስጥ ቤት ተከራዩ፤ ገበያ ራሳችሁ ሂዱ፣ ሐኪም ቤትም አንድ ቀን ገብታችሁ ተሰለፉ። እስከዚያ ስፓኒሽ ጀምሩ፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ሳልቫዶራዊ ጎረቤት አይጠፋምና በየቀኑ መለማመድ ይቻላል።

የምትሄዱበት ወቅት መጋቢትና ሚያዝያ ቢሆን እመርጣለሁ፤ ዝናቡ የሚበረታው ያኔ ስለሆነ ከተማዋን ዝናብ ላይ ታይዋታላችሁ። የጉዞ የጤና መድን ግዙ። የባለቤትዎን የ90 ቀን ኢንሱሊን ከሐኪም ደብዳቤ ጋር በእጅ ሻንጣ ይያዙ፤ የሚጫን ሻንጣ ውስጥ ፈጽሞ አይክተቱት። ስትመለሱ ጻፉልኝ።