ሰው ሁሉ «ይቅናሽ» ይለኛል፤ እኔን ግን አልቀናኝም

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን አሉ? ትንሽ የልብስ ሱቅ ከፍቼ ነበር። ጸበል አስረጭቼ፣ ለእመቤታችን ተስዬ ነው የጀመርኩት። አልሆነልኝም፤ ከሰርኩና ዘጋሁት። አብራኝ የጀመረችው ጓደኛዬ ግን ሁለተኛ ሱቅ ከፈተች። እውነቱን ለመናገር ቀናሁባት። ሰው «እግዚአብሔር የወደደው ይቀናዋል» ይላል። ዳዊትም «የሚሠራውም ሁሉ ይከናወንለታል» ብሏል። ታዲያ እኔን ትቶኛል ማለት ነው? ስለቱንስ ላስገባ?

መልስ፦ እኅቴ፣ አልተወሽም። ይህን አስቀድሜ ልበልና ወደ ጥቅሱ ልሂድ።

የጠቀስሽው መዝሙር 1 ቁጥር 3 ነው። ዳዊት የሚደግም ሰው ሰኞን የሚጀምረው በዚሁ መዝሙር ስለሆነ ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቀዋለን። የምንይዘው ግን የመጨረሻዋን ሐረግ ነጥለን ነው። ከፊቷ ያለው ሰውየውን በውኃ ዳር ከተተከለች ዛፍ ጋር ያመሳስለዋል፤ «ፍሬዋን በየጊዜዋ እንደምትሰጥ» ይላል። በየጊዜዋ! ቡና ባለበት አገር ያደገ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል። ዛፉ ዓመቱን ሙሉ ቀይ ፍሬ ተሸክሞ አይቆምም። ደግሞም መዝሙሩ የሚጀምረው በክፉዎች ምክር ስላልሄደ ሰው ነው። ስለ ሱቅሽ እኔ ብጠይቅሽ የምጠይቅሽ ትርፉን አይደለም። የቻይናውን ልብስ የቱርክ ነው ብለሽ ሸጠሻል ወይ ነው የምልሽ።

ሁሌ የሚገርመኝ ግን ዮሴፍ ነው። ዘፍጥረት 39 «እግዚአብሔርም ከዮሴፍ ጋር ነበረ፥ ሥራውም የተቃና ሰው ሆነ» ይላል። መቼ? ወንድሞቹ ከሸጡት በኋላ፣ በጲጥፋራ ቤት ባሪያ ሳለ። ደሞዝ የለው፣ ወደ አባቱ መመለሻ የለው። ከዚያ በሐሰት ተከሶ ታሰረ። ምዕራፉ ሲያልቅ እዚያው ቃል ላይ ይመለሳል፤ እስር ቤት ሆኖም የሚያደርገውን ሁሉ እግዚአብሔር ያቀናለት ነበር። በእኛ ሰፈር የታሰረን ልጅ «ተሳካለት» የሚል ማን አለ? «ምን ሠርቶ ይሆን?» ነው የምንለው። ታሪኩ ሲጀምር ዮሴፍ የ17 ዓመት ልጅ ነው፤ ፈርዖን ፊት ሲቆም 30 ሞልቶታል። መጽሐፉ ግን ሥራው ተቃና ለማለት ሹመቱን አልጠበቀም።

በተቃራኒው መዝሙር 36 (በአንዳንዱ እትም 37) «መንገድም በቀናችለትና ጥመትን በሚያደርግ ሰው አትቅና» ይላል። ጠማማውንም ይቀናዋል ማለት ነው። ጓደኛሽን ማለቴ አይደለም፤ እሷ ምን አጠፋች? ሄደሽ እንኳን ደስ አለሽ በያት። ቅናቱን ግን ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው።

ታዲያ «ይቅናሽ» ማለት ስሕተት ነው? በፍጹም። ሐዋርያው ዮሐንስ በ3ኛ መልእክቱ ለጋይዮስ «ነፍስህ እንደሚከናወን፥ በነገር ሁሉ እንዲከናወንልህና ጤና እንዲኖርህ እጸልያለሁ» ብሎ ጽፏል። ለሥራም ለጤናም መጸለይ የሐዋርያት ወግ ነው። የነፍሱ መከናወን ግን መለኪያ ሆኖ ከፊት መቀመጡን ልብ በይ። እኔን የሚያናድደኝ ምርቃቱን ወደ ፍርድ መለወጣችን ነው። አንዱ ቪዛ ሲያገኝ «እግዚአብሔር ስለወደደኝ ነው» ይላል። አጠገቡ ቆሞ የተከለከለውስ? ደቀ መዛሙርቱም ዓይነ ስውሩን አይተው ማን ኃጢአት ሠራ ብለው ጠይቀው ነበር። ጌታ እርሱም ወላጆቹም አይደሉም አላቸው፤ ዮሐንስ 9 ላይ ታገኚዋለሽ።

ስለ ስለቱ። «ከተሳካልኝ» ብለሽ ከሆነ የተሳልሽው፣ ነገሩ አልሆነምና ዕዳ የለብሽም። ያለ ቅድመ ሁኔታ ከሆነ ግን ዘዳግም 23 መክፈሉን አታዘግይ ይላል። አሁን እጅሽ ላይ ከሌለ ለንስሐ አባትሽ አማክሪያቸው፤ በአቅምሽ እንዴት እንደምታደርጊ እሳቸው ይነግሩሻል።

እንደገና መክፈት ካሰብሽ ጸበሉ መልካም ነው፣ አስረጪ። ኪራዩንና የዕቃውን ዋጋ ግን ከአንድ ነጋዴ ጋር ቁጭ ብለሽ አስሊ። ሉቃስ 14 ላይ ጌታ ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ወጪውን ይቈጥራል ያለው አለ።