ድርቁ ይዞራል እንዴ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፤ ጎንደር ፒያሳ ሱቅ አለኝ፣ አባቴ ግን ጃናሞራ ገበሬ ነው። የቦረና ከብት ሲያልቅ የኛ ክረምት ደህና ነበር። በ2015 ደግሞ ቦረና ዘነበ ሲባል የኛው ቀረ። አባቴ «ድሮ ድርቅ በየአስር ዓመቱ ነበር፣ አሁን ተራ ይዞ ይዞራል» ይላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አባትህ በደንብ አይተዋል። ኢትዮጵያ አንድ ዝናብ የላትም። የናንተ ክረምት ነው፣ ከሰኔ እስከ መስከረም። ቦረና በክረምት ደረቅ ነው፤ የሚዘንብለት ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ ከዚያ ደግሞ በጥቅምትና ኅዳር ነው። ፓስፊክ ውቅያኖስ ምድር ወገብ አካባቢ ሲሞቅ (ኤልኒኞ የሚሉት) የሰሜኑ ክረምት ይዳከማል፤ በ2007 ክረምት ይሄው ደርሶብን በ2008 10.2 ሚሊዮን ሰው የምግብ እርዳታ ፈላጊ ሆነ። ሲቀዘቅዝ ላኒና ነው። ላኒና ለናንተ ብዙ ጊዜ ደግ ነው፣ ቦረናን ግን ያደርቃል። ከ2013 ጀምሮ አልለቅ ብሎ አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሸፈባቸው። በ2015 ላኒና ሄደ፣ ኤልኒኞ መጣ፣ ተራው ወደናንተ ዞረ።

«በየአስር ዓመቱ» የሚባለው ከ1966ቱና ከ1977ቱ ረሃብ የመጣ ይመስለኛል። ኤልኒኞ ግን ቀጠሮ የለውም፣ ከሁለት እስከ ሰባት ዓመት ባለው ጊዜ ይመላለሳል።

በረጅም ጊዜ በግልጽ የቀነሰው የደቡብና የምሥራቁ የመጋቢት ዝናብ ነው። የሰሜኑ ክረምት በጠቅላላ መጠኑ እንደዚያ ቀንሷል አይባልም፤ ሙቀቱ ግን ጨምሯል፣ አፈሩም ቶሎ ይደርቃል። ጃናሞራ ገደላገደል ነው፣ አፈሩ ስስ ነው፣ ውሃ አይዝም። ገብሱ ሊያሽት ሲል ዝናቡ ለሁለት ሳምንት ቀጥ ካለ፣ ከሩቅ አረንጓዴ መስሎ የሚታየውን ዛላ መዳፍህ ላይ ስታሸው ገለባ ብቻ ነው የሚወጣህ። የዓመቱ ዝናብ ሲደመር ደህና ነው ቢባል ለዚያ ገበሬ ምኑ ነው? ለዚህ ነው «አማካይ ዝናብ» የሚል ዜና ሁሌ የሚያበሳጨኝ።

ስለዚህ የሜትሮሎጂ ኢንስቲትዩት የክረምቱን ትንበያ ሲያወጣ፣ ክረምት ሳይገባ ነው የሚያወጣው፣ ስንት ይዘንባል የሚለው ላይ አትቁም። መቼ ይገባል፣ መቼ ይወጣል የሚለውን ፈልግ። ኤልኒኞ ካለበት ለአባትህ ቶሎ ደውልላቸው፤ ዘር ሳይዘሩ ከሰሙ፣ ፈጥኖ የሚደርስ ዘር ለመፈለግ ጊዜ ይኖራቸዋል።