የልብ ጡንቻ ደም ሲያንሰው፦ ጥያቄና መልስ

አራት ኪሎ አካባቢ ፊዚዮሎጂ አስተምራለሁ። ወደ ልብ ጡንቻ የሚደርሰው ደም ሲቀንስ በእንስሳት ላይ ምን እንደታየ ጥያቄ ያላችሁ እንድትልኩልኝ ጠይቄ ነበር፤ የደረሱኝ ከነመልሳቸው እነሆ። ዛሬ ጠዋት ፒያሳ ካለ ልኳንዳ ቤት ያመጣሁት የበሬ ልብ ፊቴ ስላለ፣ አንዳንዱን እሱን እያየሁ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ልብ ዘወትር ደም የሞላበት ነው፤ ታዲያ እንዴት ደም ያጥረዋል?

መልስ፦ የበሬውን ልብ በግራ በኩል በቢላዋ ስሰነጥቀው ግድግዳው ከአውራ ጣቴ ስፋት ይበልጣል። በውስጡ የሚያልፈው ደም ይህን ሁሉ ውፍረት ዘልቆ ሊመግብ አይችልም። ጡንቻው ድርሻውን የሚያገኘው ከአኦርታ (ከልብ ከሚወጣው ትልቁ ደም ቅዳ ቧንቧ) ሥር ተነሥተው፣ በሞራ ተሸፍነው፣ በልብ ውጫዊ ገጽ ላይ ከሚወርዱት ደም ቅዳ ቧንቧዎች ነው። ቅርንጫፎቻቸው ከውጭ ወደ ውስጥ ስለሚገቡ የውስጠኛው ሽፋን ተራው መጨረሻ ላይ ይደርሰዋል፤ ልብ ሲኮማተርም ከሁሉ ይበልጥ የሚጨመቀው እርሱ ነው። ስለዚህ ፍሰት ሲያንስ ጉዳቱ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር፤ የእንስሳት ሕክምና ተማሪ ነኝ። የእግር ጡንቻ ደም ሲያንሰው ከዚያው ደም ብዙ ኦክስጅን ይወስዳል። ልብ ግን እንዴት ነው?

መልስ፦ ልብ እረፍት ላይ ሆኖም ከሚደርሰው ኦክስጅን 70 በመቶ ያህሉን ይወስዳል፤ ስለዚህ የሚጨምረው ትንሽ ነው። ያለው አማራጭ ጥቃቅን ቧንቧዎቹን አስፍቶ ፍሰቱን መጠበቅ ነው። በውሾች ላይ እንደታየው ልብን የሚመግበው ዋና ቧንቧ ስፋት በግማሽ ቢጠብ እንኳ የእረፍት ጊዜው ፍሰት አይቀንስም፤ የሚቀንሰው ጥበቱ 85 በመቶ ገደማ ሲደርስ ነው። የሚያታልለውም ይኸው ነው፤ እንስሳው እስኪሮጥ ድረስ ጤነኛ ይመስላል።

ጥያቄ፦ ጡንቻው መኮማተር ካቆመ ሞቷል ማለት አይደለምን?

መልስ፦ አይደለም፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ። በ1935 ቴናንትና ዊገርስ የተባሉ ተመራማሪዎች በውሾች ላይ አንድ ቧንቧ ሲዘጉ፣ ደም የተቋረጠበት ክፍል አንድ ደቂቃ ባልሞላ ጊዜ መኮማተሩን ትቶ፣ የቀረው ልብ በሚኮማተርበት ቅጽበት ወደ ውጭ ሲያብጥ ታየ። በዚያ ሰዓት ግን ጡንቻው ሕያው ነው፤ ዋናው የኃይል ምንጩ ኤቲፒም ገና አላለቀም። ያለቀው ክሬአቲን ፎስፌት የሚባለው መጠባበቂያ ነው፤ ከእርሱ የሚለቀቀው ፎስፌትና የሚከማቸው አሲድ የጡንቻውን ክሮች መያዣ ያላላሉ። ሕዋሳቱ ወደማይመለሱበት ሞት መግባት የሚጀምሩት በውሻ ከ20 ደቂቃ ገደማ በኋላ ነው፤ ሞቱም ከውስጠኛው ሽፋን ተነሥቶ በሰዓታት ውስጥ እንደ ማዕበል ወደ ውጭ ይገፋል።

ፍሰቱ ጨርሶ ሳይቋረጥ በከፊል ብቻ ሲቀንስ የሚታየው ደግሞ ይበልጥ ያስደንቀኛል። ጡንቻው የመኮማተር ኃይሉን ቀንሶ በሚደርሰው ልክ ያድራል። በአሳማዎች ላይ እንደተለካው ፍሰቱ እንደቀነሰ ቢቆይም፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ ክሬአቲን ፎስፌቱ ወደ ቀድሞ መጠኑ ሲቃረብ፣ የሚመረተው ላክቲክ አሲድም ሲቀንስ ይገኛል። በዚህ ሁኔታ ላይ ዶቡታሚን የተባለው አነቃቂ መድኃኒት ሲሰጠው ይነሣና ይኮማተራል፤ ነገር ግን ክሬአቲን ፎስፌቱ ዳግመኛ ይወርዳል፣ አሲዱም ይጨምራል። ይህ ያሸለበ እንጂ የሞተ ጡንቻ አይደለም።

ጥያቄ፦ ደሙ እንደተመለሰ ወዲያው ይሠራል?

መልስ፦ ሁልጊዜ አይደለም። በ1975 በወጣ ጥናት፣ በማደንዘዣ ያልተኙ ውሾች የልብ ቧንቧቸው ለ15 ደቂቃ ተዘግቶ ሲከፈት ፍሰቱ ወደ ቦታው ቢመለስም መኮማተሩ ከ6 ሰዓት በላይ ደካማ ሆኖ ቆይቷል። የሞተ ሕዋስ የለም፤ ጡንቻው ደንዝዟል። ካሸለበው የሚለየው ደሙ ተመልሶለት ሥራው መዘግየቱ ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ከፍ ያለች ናት፤ የኦክስጅን ማነስና የደም ፍሰት ማነስ ለልብ አንድ አይደሉም?

መልስ፦ አይደሉም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ ብትገኝም፣ እንጦጦ በሚሮጥ እንስሳም ሆነ ሰው ልብ ውስጥ ደሙ ይፈሳል፤ አሲዱንም ሌላውንም ቆሻሻ ያጥባል። ቧንቧው ሲጠብ ግን ማድረሱም ማጠቡም አብረው ይቀንሳሉ፤ ለዚህ ነው የፍሰት ማነስ የሚከፋው።

ጥያቄ፦ በውሻ የታየው ለሁሉም እንስሳ ይሠራል?

መልስ፦ በጥንቃቄ። ጊኒ ፒግ በቧንቧዎቹ መካከል ብዙ መገናኛ ስላለው አንዱ ቢዘጋም ጡንቻው አይሞትም፤ አሳማ ግን መገናኛው እጅግ ጥቂት ስለሆነ በፍጥነት ይጎዳል። ውሻ በመካከል ነው።

ጥያቄ፦ ልብ አጭር እጥረትን ይለምዳል የሚባለውስ እውነት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው፤ ተቃራኒውን የምጠብቅ ሰው ነበርሁ። በ1986 መሪ፣ ጄኒንግስና ራይመር የተባሉ ተመራማሪዎች የውሾችን ቧንቧ 4 ጊዜ ለ5 ለ5 ደቂቃ ዘግተው፣ በየመካከሉም ለ5 ደቂቃ ከፍተው፣ ከዚያ ለ40 ደቂቃ ዘጉት። የሞተው ጡንቻ እንዲህ ካልተዘጋጁት ውሾች ሩብ ያህል ብቻ ሆነ። ረጅሙ መዘጋት 3 ሰዓት ሲሆን ግን ልዩነቱ ጠፋ።