አልጋና ምድጃ ለተገጠመለት መኪና የትኛው መድን ይበጃል?

ጥያቄ (ከደሴ)፦ ጤና ይስጥልኝ። የሃይሩፍ ሚኒባሴን ወንበሮች ቀንሼ አልጋ፣ ፍሪጅ፣ የጋዝ ምድጃና ተጨማሪ ባትሪ አስገጥሜ ቱሪስት ይዤ ሐይቅና ላሊበላ እሠራለሁ። ኢንሹራንሱ ከለውጡ በፊት የተገባው ነው። የሙሉ ሽፋኑ አረቦን (ለመድኑ የምከፍለው ገንዘብ) ከብዶኛልና ሦስተኛ ወገን ብቻ ባደርገውስ?

መልስ፦ የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ነው። የሚከፍለው ግን እርስዎ ለሚጎዱት ሰውና ንብረት ነው፤ ያውም ሕጉ እስከወሰነው ጣሪያ ድረስ። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ መኪናዎ ቢገለበጥ ለራሱ ለመኪናው ምንም አያስገኝም። እንጀራ ለሚበላበት መኪና ሙሉ ሽፋኑን እንዳይለቁ እንመክራለን፤ ወጪ የሚቀነስበት ሌላ መንገድ አለ።

ከዚያ በፊት ግን የሚያሰጋን ሌላ ነው፤ መኪናው ተለውጧል፣ ውሉ አልተለወጠም። የጋዝ ሲሊንደር የተጫነበት መኪና ቢቃጠል ኩባንያው መጀመሪያ የሚያየው ጋዙ መኖሩ ተነግሮት እንደነበር ነው። አደጋን የሚያከብድ ነገር ደብቆ መገኘት በንግድ ሕጉ ውሉን እስከማፍረስ ያደርሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ትራንስፖርት ቢሮ ሄደው ለውጡን ያስመርምሩ፤ የወንበሩ ቁጥር ሊብሬው ላይ ይስተካከል። ቀጥሎ የተገጠመውን ዕቃ አንድ በአንድ ከነዋጋው ዘርዝረው፣ ደረሰኝ አያይዘው ለኩባንያው በደብዳቤ ያሳውቁ። ወኪሉ በቃል «ችግር የለውም» ቢልዎ አይበቃም፤ ማሻሻያው ተጽፎና ማኅተም አርፎበት ከፖሊሲው (ከመድን ውሉ ሰነድ) ጋር ይያያዝ። አገልግሎቱም «በክፍያ ቱሪስት ማጓጓዝ» ተብሎ ይግባ። በኮድ 2 የግል መኪና ብሎ ፈርሞ በክፍያ ሰው መጫን ካሳ ከሚያስከለክሉት ምክንያቶች አንዱ ነው። የተሳፋሪ ጉዳትስ ተካቷል? ካልተካተተ ለብቻው ያስጨምሩ። ከመኪናው ጋር ያልታሰረ ዕቃ፣ ለምሳሌ ብርድ ልብስና የእንግዳ ካሜራ፣ አብዛኛውን ጊዜ በመኪና መድን አይሸፈንም።

አረቦን ለማቅለል ብዙ ሰው የመኪናውን ዋጋ ዝቅ አድርጎ ያስመዘግባል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። 3,000,000 ብር የሚያወጣ መኪና በ1,800,000 ብር ቢገባ ዋስትናው ከመቶ 60 ብቻ ነው፤ 400,000 ብር ጉዳት ሲደርስ የሚሰላልዎ 240,000 ይሆናል፣ ከዚያም ላይ ተቀናሹ፣ ማለትም ከእያንዳንዱ ጉዳት እርስዎ ራስዎ የሚችሉት ድርሻ፣ ይነሣል። ዋጋውን በየዓመቱ በወቅቱ ገበያ ያስተካክሉ።

የሚያዋጣው ቅናሽ ተቀናሹን ከፍ ማድረግ ነው። ትንሿን ጭረት ከኪስ የሚያሠሩ ከሆነ አረቦኑ ይቀልልዎታል፤ ካሳ ያልጠየቁበት ዓመት ቅናሽም ይጠበቅልዎታል። ከሦስት ኩባንያ ዋጋ ሲያስመጡ ለሁሉም አንድ ዓይነት ዝርዝር ይስጡ፤ አለዚያ የሚያነጻጽሩት የተለያየ ዕቃ ነው። ለአሮጌ መኪና አዲስ መለዋወጫ ሲገባ የእርጅና ቅናሽ ስንት እንደሚቆረጥ ይጠይቁ፤ ርካሹ ፖሊሲ ብዙ ጊዜ የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ክረምት ሥራ ስለሚቀዘቅዝ የ6 ወር ውል የሚያዋጣ ይመስላል፤ ነገር ግን የአጭር ጊዜ አረቦን ከዓመቱ ግማሽ ይበልጣል።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ የመኝታ ተሳቢ ከኋላ ብጎትት የመኪናዬ መድን ይበቃዋል?

መልስ፦ ለተሳቢው ለራሱ አይበቃም። የራሱ ዋጋ ተገምቶ በስሙ ይግባ። የሚጎትተው መኪና ፖሊሲም መጎተትን እንደሚፈቅድ በጽሑፍ ያረጋግጡ። ተፈትቶ በቆመበት ተንሸራትቶ ሰው ቢጎዳ ማን እንደሚከፍል አሁኑኑ ይጠይቁ።

ጥያቄ (ከወልዲያ)፦ መኪናዬ በግጭት መሐል ቢቃጠል ኩባንያው ይከፍላል?

መልስ፦ በተለመደው ሙሉ ሽፋን አይከፍልም፤ ጦርነት፣ አመፅና ሁከት ከውሉ ውጭ ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ንብረታቸውን ላጡ ሰዎች ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የፖለቲካ ሁከትና ሽብር ሽፋን ለብቻው ይሸጣል፤ ሽፍታና ታጣቂ የሚያደርሰውን ጉዳት የሚመለከት ተጨማሪ ሽፋንም አለ። ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ የሚገዙት የትኛውን እንደሆነና ጦርነት ራሱ ተካቶ እንደሆነ አንብበው ይፈርሙ። የወልዲያ፣ ጋሸና፣ ላሊበላ መንገድ ከሽፋኑ ያልተገለለ መሆኑንም ያስጽፉ። ችግሩ ከተነሣ በኋላ ልግዛ ቢሉ የሚሸጥልዎ አያገኙም።