መልስ፦ ኮንትሮል ኤስ ከነካሁ በኋላ ተርሚናሉ ደርቆ ቀረ

ኮንትሮልን ይዘህ ኪውን ተጫን፤ ተርሚናሉ፣ ማለትም ትእዛዝ በጽሑፍ የምትሰጥበት መስኮት፣ ወዲያው ይመለሳል። መስኮቱን ግን አትዝጋው። በኤስኤስኤች (ከሩቅ ወደ ሌላ ኮምፒውተር መግቢያ) ገብተህ የጀመርከው ሥራ ካለ አብሮ ሊቋረጥብህ ይችላል።

እንዳልከው፣ በኮንትሮል አር የድሮ ትእዛዝ ስትፈልግ አልፈኸው፣ ለመመለስ ኮንትሮል ኤስ መጫንህ ስህተት አይደለም። ትእዛዝህን ተቀብሎ በሚያስኬደው ፕሮግራም፣ በባሽ ውስጥ፣ ለመመለስ ቁልፉ እሱው ነው። ችግሩ ባሽ ጋ ሳይደርስ ተርሚናሉ ይቀበለውና «ጽሑፍ ማሳየት አቁም» ማለት ያደርገዋል። መሣሪያዎቹ ቀርፋፋ በነበሩበት ዘመን የቀረ ነገር ነው፤ ዛሬ በዋናነት የሚያገለግለው ፋይል ሴቭ ማድረግ የለመደ እጅን ለማደናገር ይመስለኛል።

ዳግም እንዳይገጥምህ፦

1. ሆም ማውጫህ ውስጥ ያለውን፣ በነጥብ የሚጀምረውን የባሽአርሲ ፋይል (የባሽ ማስተካከያ ፋይል) ክፈት።
2. መጨረሻው ላይ በአንድ መስመር ጨምር፦ ኤስቲቲዋይ፣ ክፍት ቦታ፣ ሰረዝ፣ አይኤክስኦኤን። ሁሉም በትንንሽ ፊደል፤ ከሰረዙ በኋላ ክፍተት የለም። ይህ ተርሚናሉ ኮንትሮል ኤስን እንደ ማቆሚያ እንዳይቀበለው ያደርጋል።
3. አዲስ ተርሚናል ክፈትና ሞክረው።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። ተርሚናሉ ደርቆ እያለ የምትነካው ቁልፍ አይጠፋም፣ ይጠራቀማል። እኔ አንዴ ተናድጄ ወደ ላይ ቀስትና ኢንተርን ደጋግሜ መታሁ። ኮንትሮል ኪው ስል የመጨረሻው ትእዛዜ፣ ሰርቪሱን አጥፍቶ የሚያስነሳው፣ ሦስት ጊዜ ተከታትሎ ሄደ። ያውም ሰዎች እየሠሩበት።