ቬክተር ስፔስ ሲመጣ ሁሉም ነገር ጠፋብኝ፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ሰላም አዘጋጆች፣ የ2ኛ ዓመት የማትስ ተማሪ ነኝ። ሊኒየር አልጀብራ ሲጀመር ማትሪክስና ዲተርሚናንት ስለነበር ሃይስኩል የተማርኩት ነው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር፣ ኩዊዙንም አሪፍ ነው የሠራሁት፣ ከዛ ቬክተር ስፔስ፣ ሰብስፔስ፣ ቤዚስ ምናምን ሲመጣ ሰሌዳው ላይ ቁጥር ራሱ ጠፋ፣ መምህሩ ፕሩፍ ጽፎ ይወጣል እኛ እንገለብጣለን። ሚድ ላይ "አሳዩ" የሚል ጥያቄ በዛና ወረቀቴን ባዶውን ሰጥቼ ወጣሁ ማለት ይቻላል። ፋይናል ደርሷል፣ ፕሩፎቹን ልሸምድዳቸው?

መልስ፦ ሰላም እህቴ። ፕሩፍ መሸምደዱን ተዪው፣ የምትሸመድጂው ነገር ካለ ዴፊኒሽኑን ነው፣ እሱን ቃል በቃል ያዢው። ይሄ ኮርስ ብዙ ልጅ የሚያስለቅሰው ስሌቱ ከብዶ አይደለም፣ ሮው ሪዳክሽን (የማትሪክሱን ረድፎች እየደመሩና እየቀነሱ ማቅለል) ማባዛትና መደመር ነው፣ መሃል ላይ "ስንት ነው?" የነበረው ጥያቄ ድንገት "ለምን?" ስለሚሆን ነው። ይሄን በመጀመሪያው ሳምንት የሚነግራችሁ ሰው አለመኖሩ በጣም ያሳዝነኛል፣ ጎበዝ ጎበዝ ልጆች እዚህ ጋ ነው "ሒሳብ አልችልም" ብለው የሚቀሩት።

እስቲ አንዷን አብረን እንያት። ሀ፣ ለ፣ ሐ ሊኒየርሊ ኢንዲፔንደንት ቬክተሮች ናቸው እንበል፣ ሀ+ለ፣ ለ+ሐ፣ ሐ+ሀ ስ? ዴፊኒሽኑ የሚለው በቁጥር እያባዛሽ ስትደምሪያቸው ዜሮ የሚመጣው ቁጥሮቹ ሁሉም ዜሮ ሲሆኑ ብቻ ከሆነ ኢንዲፔንደንት ናቸው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያውን በመ፣ ሁለተኛውን በሠ፣ ሦስተኛውን በረ አባዢና ድምሩን ዜሮ አድርጊው። ስትሰበስቢው ሀ ላይ መ+ረ፣ ለ ላይ መ+ሠ፣ ሐ ላይ ሠ+ረ ይቀመጣል፣ ሀ ለ ሐ ኢንዲፔንደንት ስለሆኑ ሦስቱም ዜሮ መሆን አለባቸው፣ ከዚህ በኋላ ያው የምታውቂው ሦስት ኢኩዌሽን ነው፣ ፍቺው መ=ሠ=ረ=0 ይመጣል፣ አለቀ። አየሽ፣ ፕሩፍ ያልሽው ነገር ውስጥ ኩዊዝ ላይ የሠራሽው ሒሳብ ነው ያለው።

አሁን መደመሩን ወደ መቀነስ ቀይሪው፦ ሀ-ለ፣ ለ-ሐ፣ ሐ-ሀ። ሦስቱን ዝም ብለሽ ደምሪያቸው፣ ዜሮ! ዲፔንደንት ናቸው። የመጀመሪያውን ፕሩፍ የሸመደደ ልጅ እዚህ ጋ ያንኑ ገልብጦ ከጥያቄው ዜሮ ማርክ ያገኛል፣ ዴፊኒሽኑን የያዘ ግን በሁለት መስመር ይጨርሳታል።

ሰብስፔስም እንደዚሁ ነው። ቬክተር ስፔስ ማለት ቬክተሮቹን ስትደምሪም በቁጥር ስታባዢም ከውስጡ የማትወጪበት ስብስብ ነው፣ ሰብስፔስ ደግሞ በውስጡ ያለ፣ ራሱም እንደዚያው የሆነ ክፍል። ስለዚህ መጀመሪያ ዜሮ ቬክተሩ አለ ወይ በይ። ድምራቸው 1 የሆነ የቁጥር ጥንዶች ቢሰጡሽ (0፣0) ውስጡ የለም፣ ስለዚህ ሰብስፔስ አይደለም፣ ሌላ መጻፍ አያስፈልግም። ዜሮ ካለ ግን ገና ነው፣ መደመሩንና በቁጥር ማባዛቱንም ማየት አለብሽ።

ሌክቸሩ ካልገባሽ ደግሞ ጊልበርት ስትራንግ ኤምአይቲ ያስተማረው ኮርስ ሙሉው በነጻ ኦንላይን አለ፣ ሰውየው እስከ 2023 (እ.ኤ.አ.) ያስተማረ ነው፣ ግቢ ዋይፋይ ላይ አውርጂው። እኔ የምወድለት ገና በመጀመሪያው ክፍል ኢኩዌሽኖቹን የኮለም ቬክተሮች ድምር አድርጎ ማሳየቱን ነው፣ ስፓን (ቬክተሮቹን በቁጥር እያባዙ በመደመር የሚገኘው ሁሉ) እና ቤዚስ (ስፔሱን ሙሉ የሚሰጡ ኢንዲፔንደንት ቬክተሮች) የሚገቡት በዛ በኩል ነው።

አይገን ቫልዩ (ዜሮ ያልሆነ ቬክተር በማትሪክሱ ሲባዛ ራሱ ቬክተሩ በአንድ ቁጥር ተባዝቶ ከወጣ፣ ያ ቁጥር) ሳትጀምሪ ቤዚስን ጨርሺ፣ ፋይናል ላይ የአይገን ስፔሱን፣ ማለትም የእነዚያን ቬክተሮች ሰብስፔስ፣ ቤዚስ አውጡ መባሉ አይቀርም።